ለሐጂ የዘረጋሁት የእንግዳ ዋይፋይ

ጭሮ ውስጥ የኮምፒውተር አዋቂ ለመባል ብዙ አያስፈልግም። እኔ የተባልኩት የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንተር ወረቀት ነክሶ እምቢ ባለ ጊዜ ክዳኑን ከፍቼ የተጨማደደውን ወረቀት ስላወጣሁ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ሲበላሽ፣ ስልክ ሲቆለፍ፣ አንድ ጊዜማ የውሃ ፓምፕ አልነሳ ሲል፣ "መምህሩን ጥሩት" ይባላል። እኔም አንድም ቀን "ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም" ብዬ አላውቅም። ፓምፑንም ሄጄ አይቼዋለሁ። ጎንበስ አልኩ፣ በጣቴ ነካ ነካ አደረግኩት፣ ራሴን ነቀነቅኩና "ቮልቴጅ ነው" ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ፓምፑ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ምስጋናው ለእኔ ደረሰ፤ እኔም ሳላፍር ተቀበልኩ።

የኮምፒውተር መምህር መሆኔ እውነት ነው። ግን አብዛኛውን ዕድሜዬን ኮምፒውተርን በጠመኔ እየሳልኩ ነው ያስተማርኩት። ማውስ ምን እንደሚመስል ከሰሌዳ ላይ ያወቁ፣ የኪቦርድ ፊደላትን በቃላቸው የሸመደዱ፣ አንዱንም ግን ነክተው የማያውቁ ብዙ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ኔትወርክ የሚባለውንም እንደዚሁ ነው የማስተምረው። ሁለት ሳጥን እስላለሁ፣ በመካከላቸው መስመር አሰምራለሁ፣ "ተገናኙ" እላለሁ። ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ ተቋርጦብኝ አያውቅም።

ስለዚህ ሐጂ ሲያስጠሩኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ሐጂ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ፔንሲዮን ባለቤት ናቸው። በጉልበታቸው ዘመን ጫት ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን ጫት ነጋዴ ያሳድራሉ። ከገለምሶ፣ ከበደሳ፣ ከቦኬ የሚመጣው ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚያርፈው። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በርጫ ይዞ ፍራሽ ላይ ጋደም ባለ ሰው ይሞላል። ሁሉም በአንድ እጁ ጫቱን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ የሐጂን ዋይፋይ እንደ ሻይ ይጠጣዋል።

ያስጠሩኝ በቴሌቪዥናቸው ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በግል ክፍላቸው ቁርአን ሲቀራ እያዳመጡ ሳለ ቴሌቪዥኑ ድንገት የበደሳ ሠርግ ማሳየት ጀመረ። ሙሽራው ሲጨፍር፣ ሚዜዎቹ ሲዘሉ፣ ሐጂ ሪሞቱን ቢጫኑ፣ ቢመቱት፣ ሠርጉ አልቆም አለ። ነገሩ ሲጣራ ፎቅ ላይ ያደረ እንግዳ የወንድሙን ሠርግ በስልኩ ሊያይ ብሎ የማያውቀውን ነገር ነክቷል። ስልኩም ቪዲዮውን እዚያው ዋይፋይ ላይ ባገኘው የሐጂ ቴሌቪዥን ላይ ለቀቀው። እንግዳው በበኩሉ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ስልኩ ለምን ድምፅ እንደማያወጣ ሲመረምር ነው የደረሱበት።

እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። በሕይወቴ የማውቀው ጥያቄ ሲመጣ ብርቅ ስለሆነብኝ ነው። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ዋይፋይ አሰራጭ ማሽን፣ አክሰስ ፖይንት የሚሉት፣ ሁለት ዋይፋይ ማውጣት እንደሚችል፣ አንዱን ለቤቱ፣ አንዱን ለእንግዳ ለይተን ብናደርግ የእንግዳው ስልክ የሐጂን ቴሌቪዥን፣ ካሜራውንም፣ የመዝገቡን ኮምፒውተርም እንደማያይ አስረዳሁ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሐጂ ግን ገና ስጀምር ገባቸው። እንግዳ ሳሎን ይገባል እንጂ ጓዳ አይገባም፣ ይሄ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል አሉኝ።

ቢሮ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩና የማሽኑን ገጽ ከፈትኩ። የእንግዳውን ዋይፋይ ስም ጻፍኩ፣ ፓስወርድ ሰጠሁት፣ ከቤቱ ዋይፋይ ለየሁት። እስከዚህ ድረስ ማንም ልጅ የሚሠራው ነው። ሐጂ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። ዋይፋዩ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተከፍቶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በራሱ ይዘጋ፤ አለዚያ እንግዳው በምርቃና ሲያወራ እያደረ ጎረቤት ያውካል አሉ። "ይችላል?" ሲሉኝ "ቀላል ነው" አልኩ። እኔን ቀላል ነው ሲል የሰማ ሰው መጠንቀቅ አለበት።

የሰዓቱን ገጽ ስከፍት ሐጂ በትከሻዬ በኩል አሻግረው አዩ። የእጅ ሰዓታቸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል፤ ማሽኑ ደግሞ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል። ሐጂ ሳቁ። ሰዓት የማያውቅ ዕቃ ዋይፋይ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ልባም ሰው ቢሆን ኖሮ "የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ስድስት ሰዓት ቀንሰው ያንብቡት" ይልና ያልፋል። እኔ ግን "እናስተምረዋለን" አልኩ። የማሽኑን ሰዓት በእጄ መለስኩና በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ከሃያ አደረግኩት። ከዚያ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት፣ አሥራ አምስት ሰዓት ላይ ዝግ ብዬ አዘዝኩት፤ በእኔ ሒሳብ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ማታ ሦስት ማለት አሥራ አምስት ነው። ሐጂ ማሽኑ የአገሩን ሰዓት መልመዱን ሲያዩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ፣ ምሳም አስቀረቡልኝ። ገጹ ወደ ታች ይቀጥል ነበር። ምሳው ስለቀረበ ወደ ታች አልወረድኩም።

አሁን ስለ አዴ ልንገራችሁ። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው፤ በእኛ በኩል ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። ከፔንሲዮኑ በር አጠገብ ለውዝ ይሸጣሉ። ያላቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ተማሪዬ ነበረች፤ ማውስን ከሰሌዳ ካወቁት አንዷ ናት። የምትሠራበት ቤት እመቤት ስልኳን ቀምታ ታስቀምጥባትና በሳምንት አንዴ ብቻ፣ አርብ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ፣ ለአንድ ሰዓት ትሰጣታለች። አዴ ያንን ሰዓት ሐጂ ግቢ ውስጥ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልጅቷ በዋይፋይ ትደውላለች፤ መልኳን ያያሉ፣ በላሽ አልበላሽም ይጨቃጨቃሉ፣ ሰዓቱ ያልቃል። ሳምንቱን ሙሉ የሚኖሩት በዚያች ሰዓት ነው ብል አላጋነንኩም።

የእንግዳውን ዋይፋይ ስዘረጋ አዲሱን ፓስወርድ በአዴ ስልክ ላይ በእጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አዴ ፊደል አይቆጥሩም። "አሁንማ ከበፊቱ ይበልጥ ይፈጥናል" አልኳቸው፤ አላህ ያክብርህ ልጄ ብለው አንድ ጭብጥ ለውዝ ኪሴ ውስጥ ጨመሩ። በዚያው ሳምንትና በሚቀጥለው ልጅቷ ደወለች፣ ሁሉም ሰላም ሆነ። እኔም መንገድ ላይ ሳልፍ ሰላምታ ስቀበል ድምፄ ወፈር ማለት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ ለጭሮ ዜና አይደለም፤ ይህኛው ግን ሁለት ቀን ቆየ። ሐሙስ ጠዋት ሲመጣ ቀድሜ ሐጂ ጋ ሄድኩና አየሁት። ማሽኑ አረንጓዴ ያበራል፣ የእንግዳው ዋይፋይ አለ፣ ይሠራል። "እኔ የሠራሁት ነገር እንዲህ ነው" ብዬ ለሐጂም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም፣ ቁርስ ለሚበሉት ሁለት የቦኬ ሰዎችም ነገርኩ።

በማግስቱ አርብ አዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ፤ ልጅቷ አልደወለችም። ይህን የሰማሁት ቅዳሜ ነው። ልጅቷም በቴሌግራም ጽፋልኝ ነበር፤ "መምህር፣ እናቴ አላነሳችም፤ ደህና ናት?" ትላለች። ወዲያው ሐጂ ጋ ወረድኩ። የእኔ ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ፔንሲዮኑን የማየው ሁልጊዜ ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ ዋይፋዩ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርዳል። ስልኬን አውጥቼ ሞከርኩት፣ ፈጠነ። አዴ በር ላይ ለውዛቸውን ያበጥራሉ፣ ጤነኛ ናቸው። ስለዚህ በሙሉ ልብ ፈረድኩ። ለአዴ "ችግሩ ከእሷ በኩል ነው፣ የአረብ አገር ኔትወርክ እንዲህ ያደርጋል" አልኳቸው። የአረብ አገርን ኔትወርክ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ለልጅቷም "ደህና ናቸው፣ የኔትወርክ ችግር ነው" ብዬ ጻፍኩላት።

በሁለተኛው አርብም እንዲሁ ሆነ። አዴ ተቀመጡ፣ ተነሡ። የልጅቷ መልእክት አጠር ብሎ መጣ፤ "መምህር፣ ዛሬም የለችም። እውነቱን ንገሩኝ።" እኔ ይህን ሳነብ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፤ አዘንኩላት፣ ላጽናናት ፈለግኩ። ስልኳን ሳትቀማ እንዲደርሳት ብዬ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ አልኩና የሚያምር ነገር ጻፍኩ። "እህቴ፣ እናትሽ በጣም ደህና ናቸው። ምንም አልሆኑም። አንቺ ብቻ በርቺ፣ ምግብ ብዪ፣ ራስሽን ጠብቂ። ሁሉም ከአላህ ነው" አልኳት። ደግሞ ፎቶ ብልክላት ልቧ ያርፋል ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት አዴ ሐጂ ግቢ፣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርን። ስልኬን ሳገላብጥ በዒድ ዕለት ያነሳኋቸውን፣ አዲስ ልብስ ለብሰው ፈገግ ያሉበትን አገኘሁና እሱን ላክሁላት። በዒዱ ጊዜም ያንኑ ፎቶ ልኬላት እንደነበር አላስታወስኩም። የላክሁትን መልሼ ሳነበው ጽሑፌ ራሴን አስደሰተኝ፤ የአማርኛ መምህር ሳልሆን የቀረሁት በስህተት ነው ብዬም አሰብኩ።

በዚያ ሳምንት አዴ ለውዝ መሸጡን ትተው ሁለት ቀን ቤታቸው ዋሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ በር ላይ አገኘኋቸውና እንዴት ነዎት ብላቸው፣ ልጅቷ የተቀየመችኝ በምን ይመስልሃል ብለው ጠየቁኝ። ባለፈው ጊዜ አክስትሽን ደውለሽ ጠይቂ ብዬ ስለተቆጣኋት ይሆናል አሉ። እኔም ሽማግሌ ሆንኩና "ወጣት ናት፣ ይበርድላታል፣ ይታገሱ" አልኳቸው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው። የልጅቷን ኔትወርክ መውቀሴ ሳያንስ ጠባይዋንም ጨመርኩበት።

ሦስተኛው አርብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሁለቱን ሳጥኖች ስዬ መስመሩን እያሰመርኩ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ተማሪ ፊት ስልክ አላወጣም፤ ያን ቀን ግን አሥር ሰዓት ማለፉን አውቄ ስለነበር አወጣሁት። እንዲህ ይላል፦

"መምህር፣ ገብቶኛል። ቀብሯ ላይ የቆማችሁ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ተቀምጬ አልቅሼላታለሁ። ብቻ መቼ እንደሆነ ንገሩኝ፣ ቀኑን ልያዘው።"

ወደ ላይ መለስ ብዬ የራሴን ጽሑፍ አነበብኩ። ደህና ናቸው፤ ምንም አልሆኑም፤ አንቺ ብቻ በርቺ፤ ሁሉም ከአላህ ነው። ሰው አገር ላለ ሰው የእናቱ ሞት በስልክ እንደማይነገር እዚህ የማያውቅ የለም። መርዶ በሽማግሌ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው፤ እስከዚያው ድረስ የሚባለው ደግሞ ልክ እኔ የጻፍኩት ነው። እኔም ራሴ አባቴ በሞተ ጊዜ ኮሌጅ ሆኜ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ደህና ነው፣ አንተ ብቻ በርታ" ተብዬ ተጽፎልኛል። ልጅቷ ምን ታድርግ? እናቷ ስልክ አታነሳም፣ መምህሯ አይዞሽ ይላታል፣ በዚያ ላይ የአምናውን የዒድ ፎቶ አዲስ አስመስሎ ይልክላታል። አንድም ቃል ሳልዋሽ የአንዲትን ጤነኛ ሴት መርዶ ነግሬአለሁ።

"ልጆች፣ እያነበባችሁ ቆዩ" ብዬ ወጣሁ፤ የሚያነቡት መጽሐፍ አልነበራቸውም። ባጃጅ ያዝኩና ወረድኩ። አዴ አግዳሚዋ ላይ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ከላዩ ጭነው ተቀምጠዋል። ልነግራቸው መጥቼ ስልክዎን ያሳዩኝ አልኳቸው። ስልካቸውን ተቀብዬ የዋይፋዩን ዝርዝር አየሁ። የሐጂ የቤት ዋይፋይ አለ፤ የእንግዳው የለም። እኔ በእጄ የጻፍኩት ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ጠፍቷል።

ከዚያ የሠራሁትን ለመናገር አሁንም ያሳፍረኛል። መሰላል አስመጣሁ። ማሽኑ ጣሪያ ላይ ቢሰቀልም የሚታዘዘው ቢሮ ካለው ኮምፒውተር መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም መሰላል ላይ የወጣ ሰው እየሠራ ይመስላል። ወጣሁና አረንጓዴ መብራቱን ትክ ብዬ አየሁት፤ በጣቴ ነካ ነካ አደረግኩት። ሳሎን ያሉት እንግዶች ጫታቸውን ይዘው ወጥተው ከበቡኝ። አንዱ የገለምሶ ነጋዴ፣ ረጋ ብሎ፣ ዋይፋዩማ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሠራ ሁለት ሳምንት አለፈው አለ። ለምን አልተናገራችሁም ብል፣ ሐጂ ሆን ብለው የዘጉት መስሎን ነው፣ እንግዳ በሰው ቤት ለምን ዘጋህ ይላል እንዴ አለኝ። ሐጂ ደግሞ ሰዉ ስልኩን ትቶ እርስ በርሱ መጫወት ሲጀምር አይተው፣ መምህሩ ደግ ነገር ሠራ እያሉ ለሰው ሲያወሩልኝ ነው የከረሙት።

ከመሰላሉ ወርጄ ቢሮ ገባሁ። ገጹን ስከፍት ከላይ ያለው ሰዓት 16፡31 ይላል። የሐጂ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አሥር ተኩል ይላል። ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች አወረድኩት። ታች "ሲነሣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይውሰድ" የምትል መስመር አለች፤ ፊቷ ላይ ምልክቷ ተደርጎላታል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ እኔ ያስተማርኩትን ሰዓት ረስቶ ወደ ገዛ ራሱ አቆጣጠር ተመልሷል። ዝጋ ያልኩት አሥራ አምስት ሰዓት ለእኔ ማታ ሦስት ነበር፤ ለእሱ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ከመደወሏ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ትእዛዜን አክብሮ ሲዘጋ ከርሟል።

ማስተካከል ጀመርኩ። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የልጅቷን መልእክት በሹክሹክታ አንብቤላቸው አስተግፊሩላህ ብለዋል። ትንሽ አዩኝና ጠየቁኝ።

"ልጅቷ የጻፈችልህ በየትኛው ኢንተርኔት ገብቶልህ ነው?"

"በስልኬ ዳታ ነው።"

"ታዲያ በእሱ አትደውልላትም?"

የኮምፒውተር መምህር ነኝ። መሰላል ስወጣና ስወርድ፣ ገጽ ስከፍትና ስዘጋ ከልጅቷ አንድ ሰዓት ውስጥ ግማሹ አልቆ ነበር። ኢንተርኔቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ወጥቼ በቴሌግራም ደወልኩላት። ዘጋችው። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ዘጋችው። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መርዶ ልትነግራት የደወልክ መስሏት ነው፣ ማን ይህን በስልክ ሊሰማ ያነሳል አሉ። ከዚያ እኔ ያልደፈርኩትን እሳቸው ደፈሩት። አዴ አጠገብ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡና በኦሮምኛ ቀስ ብለው ነገሯቸው። አዴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ተለወጠ፤ ተቆጡ። ስልኬን ከእጄ ነጠቁኝና ድምፅ የሚላከው የቱ ጋ ሲነካ ነው አሉ። አሳየኋቸው። አፋቸውን ከስልኩ ጋር አጣብቀው ጮክ ብለው ተናገሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሊፍ፣ ለምንድን ነው የማታነሺው? ሦስት ጁምዓ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ወገቤ ተቆረጠ። ለውዜን ዶሮ ጨረሰው። ማነው ሞተች ያለሽ? እኔ ብሞት ያንን ሻንጣሽን ማን ይጠብቅልሻል፣ አክስትሽ ናት? አክስትሽ እኮ የሞትኩ ዕለት ቀሚስሽን ለልጇ ነው የምታለብሰው። አንሺ ስልኩን።"

ላክሁት። ሁላችንም ስልኩን እያየን ቆምን፤ የገለምሶው ሰውዬ ማኘኩን አቁሟል። መልእክቱ መሰማቱን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ቀጥሎ ጠራ፤ አነሳሁትና ለአዴ ፊት ለፊት ያዝኩላቸው። ልጅቷ ሰው ቤት ወጥ ቤት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል፤ ከንፈሯ ደርቋል። አዴ አዩዋትና "ከሳሽ እኮ" አሏት። ያን ጊዜ ልጅቷ ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች፤ እመቤቷ እንዳትሰማ ይሆናል፣ ድምፅ የለውም። አዴም አለቀሱ። ሐጂ ዞር ብለው ከግድግዳው ጋር መነጋገር ጀመሩ። እኔም ፊቴን ሳዞር ስልኩ ዘመመ፤ አዴ እያለቀሱም ቢሆን "ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ" አሉኝ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ይህን ካልኩ በኋላ ማቆም ነበረብኝ፤ እኔ ግን ስለ ሁለቱ የሰዓት አቆጣጠሮች፣ ስለ መብራቱ፣ ገጹ ታች ስላለችው መስመር ማስረዳት ጀመርኩ። እናቷን የገደለባትን ሰው ትምህርት ደግሞ ቁማ እንድትሰማ አደረግኳት። አዴ ናቸው ያቋረጡኝ። ስልካቸው ላይ ያቺ እንደ ማራገቢያ ያለችው ምልክት ሦስቱንም አርብ እንዳልነበረች፣ አይተዋት እንደነበር፣ እኔ ግን ችግሩ ከልጅቷ በኩል ነው ስላልኳቸው እኔን አምነው ዝም እንዳሉ ነገሩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ፊደል የማይቆጥሩት ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን ያዩትን እኔ በሦስተኛው ሳምንት መሰላል ወጥቼም አላየሁትም።

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። ተማሪዬ ሳለች ጥያቄ ልትጠይቅ ስትል እንደምታደርገው አንገቷን ሰበር አድርጋ አናገረችኝ።

"መምህር፣ ሁለተኛ ደህና ናት ብለው አይጻፉልኝ። ደህና ናት ሲሉኝ እሞታለሁ። ማንን እየሰደበች እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ያን ጊዜ መኖሯን አምናለሁ።"

እመቤቷ ጠራቻትና ስልኩ ተዘጋ።

የእንግዳውን ዋይፋይ ሰዓት ያኔውኑ አስተካከልኩት፤ ሐጂም ከእንግዲህ ማሽኑን በሰው አገር ሰዓቱ ተወው፣ እኛው እንቀንሳለን አሉ። ለልጅቷ ረቡዕ ረቡዕ እጽፋለሁ፤ አርብ ስልኳ ሲሰጣት መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው። የመጀመሪያውን ስጽፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ማስዋብ የለመደ እጅ እውነት ለመጻፍ ይንቀራፈፋል። እንዲህ አልኳት፦ "እናትሽ ዛሬ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጭቃ ስለረጨባቸው ከነዘር ማንዘሩ ሲሰድቡት አረፈዱ። ላስታርቅ ብገባ እኔንም ጨመሩኝ፤ ኔትወርክ የማያውቅ ብለውኛል።"

መልሷ አርብ አሥር ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ደረሰኝ። "አልሐምዱሊላህ" ይላል።